በልቅሶህ ድንኳን ሥር የዛገው ትራፓኖ

ፈንቴ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸን ክረምቱ ወጥቷል። አፈር ስናለብስህ ጭቃው እግር ይውጥ ነበር፤ አሁን መንገዱ አቧራ ሆኗል። ሰሊጡ ሊታጨድ ነው፤ የቀን ሠራተኞቹ ከደጋ ወርደው መተማ ዮሐንስን ሞልተዋታል። የብረታ ብረት ሱቃችን ደኅና ነው፤ ከወሰን ማዶ የሚመጣው ዕቃ አንድ ቀን ይገባል፣ አንድ ቀን ይቀራል፣ እኔም ያለውን እየሸጥኩ እውላለሁ። ትንሿ ልጅህ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር አሁንም ወደ በር ትሮጣለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። ሰው ላይ መጮህ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ለአንተ ልናገር።

ለልቅሶህ ድንኳን ሲተከል የእድሩ ጎረምሶች ከሱቁ ጀርባ ካለው የብረት መሥሪያ ክፍልህ ገብተው የብረት መብሻህን፣ ትራፓኖውን፣ አወጡ። የድንኳኑ ቋሚ ብረት ቀዳዳ አልገጥም ብሏቸው ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ድምፁን ስሰማ፣ ፈንቴ፣ ሥራ ጀመርክ ብዬ ቀና አልኩ። እነሱ ግን ብረታቸውን በስተው ሲጨርሱ ዕቃህን ከካስማው ሥር ጥለውት ሄዱ። ሦስት ቀን ዝናብ ወረደበት። ለአንተ ደረቱን የመታ ሁሉ ተራምዶት አለፈ፤ ጎንበስ ብሎ ያነሳው የለም።

ድንኳኑ ሲነሳ ራሴ ወደ ክፍልህ መለስኩት። ከተዝካርህ በኋላ ክፍልህን ስከፍት ፑንታው፣ ያ ሹል መብሻ ብረት፣ ትራፓኖው አፍ ውስጥ እንዳለ ዝጎ ተጣብቋል። የአፉ መክፈቻ ቁልፍ ንቅንቅ አይልም። ከአብደራፊ የመጣ ገበሬ እንድትሠራለት የሰጠህ የትራክተር ተሳቢ በር ደግሞ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። አዲሱን ማጠፊያ ቆርጠህ፣ በኖራ ምልክት አድርገህበት፣ መብሳቱ ብቻ ቀርቶህ ነው የተኛኸው። ሰውየው ሰሊጡን ከማጓጓዙ በፊት በሩን ይፈልገዋል።

ይህ ሳያንስ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ አዳነ ለክፍሉ ተከራይ አግኝተው ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ባለሙያ የሌለበት ቤት የሰሊጥ መጋዘን ይሁን አሉ። ሽማግሌዎቹ ፊት አልተከራከርኳቸውም። ፈንታሁን የጀመረውን በር ልጨርስ፣ ካቃተኝ ክፍሉን ውሰዱት አልኩ። ጋሼ አዳነ ሳቁ። «አንቺ ብረት ትሸጫለሽ እንጂ ብረት ትበሻለሽ እንዴ?» አሉኝ። አስበው፤ ለስንት ዓመት አንተ ስትበሳ ብረቱን የያዘልህ ማን ሆነና!

ከዚያ መዶሻ ያለው ሁሉ ሊረዳኝ መጣ። አንዱ የብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አስሮ ቀጠቀጠው። ሌላው በእሳት ካልለበለብኩት አለ። ጎረቤታችን ጎሚስታው «እህቴ፣ ይሄ እኮ ከባለቤቱ ጋር ሞቷል፤ እድር እንጥራለትና እንቅበረው» ብሎ የቆሙትን አሳቀ። ዕቃዬን ከእጁ ተቀብዬ ሸኘሁት። ቁልፉ የሚነክሳቸውን የአፉን ጥርሶች ግን አርግፈውልኝ ነበር።

አፉን ብቻ ናፍጣ ውስጥ ዘቅዝቄ አሳደርኩት። በማግስቱ ፑንታውን በፒንሳ ይዤ ብወዘውዘው ወጣ። ጥርሱ የረገፈ አፍ ግን ጠብቆ አይይዝም፤ መለወጥ ነበረበት። አዲሱ ከሱቄ መደርደሪያ ላይ አለ፤ አሮጌው ግን አልወርድ አለ። እነዚያ ጉልበተኞች ተመልሰው መጥተው አፉ ውስጥ ታች ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ እየተፈራረቁ ወደ ግራ ሲያዞሯት ዋሉ።

ያን ጊዜ ነው ሱቁ በር ላይ ተቀምጠህ የሌላ ሰው ትራፓኖ ስትፈታ የታየኸኝ። ባትሪ አብርቼልህ ነበር። ያቺ ብሎን ከሌሎቹ ተቃራኒ መሆኗን፣ ወደ ግራ ያዞራት ሁሉ እያጠበቃት እንደሚውል አሳይተኸኛል። ወደ ቀኝ አዞርኳት፤ ጭርር ብላ ወጣች። አፉ ራሱ ደግሞ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ነው የሚፈታው። ትራፓኖውን ሞርሳ ላይ አሰርኩ፣ አፉን በቧንቧ ቁልፍ ያዝኩ፣ የቁልፉን እጀታ በእንጨት መዶሻ ወደ ግራ መታሁት። አንድ ሁለቴ ዝም አለኝ፤ ከዚያ ለቀቀ። ከነቁልፉ እጄ ላይ ቀረ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ በአንተ ተናደድኩ። ለአንዲት ብሎን ያን ሁሉ ትዕግሥት ነበረህ! ትራፓኖው ትንሽ ድምፁ ሲቀየር ሥራ አቁመህ ፈትተህ ታየው ነበር። ያንተን ትኩሳት ግን ወባ ነው፣ ያልፋል ብለህ ተሸክመኸው ሠራህ። ጤና ጣቢያ ሂድ ስልህ ማጠፊያውን ልቁረጥና አልከኝ። ቆረጥከው እንግዲህ።

ጋሼ አዳነ ከተከራያቸው ጋር መለኪያ ገመድ ይዘው ሲገቡ አዲሱን አፍ ገጥሜ በሩ ላይ ተንበርክኬ እየበሳሁ ነበር። ይናገራሉ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ እኔ ግን ጣቴን ከትራፓኖው ማብሪያ አላነሳሁም። ወዲያው ማጠፊያው ከትራፓኖው ጋር መዞር ጀመረ፣ እጄን ሊቆርጠኝ። «ጋሼ፣ ይያዙልኝ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ። ገመዱን ጥለው በሁለት እጃቸው ያዙ። የመጨረሻው ቀዳዳ እስኪያልቅ ቀና አላሉም። ተከራዩ ቆሞ ቆሞ ሄደ። እሳቸውም የብረቱን ብናኝ ከልብሳቸው አራግፈው፣ የተሳቢው ባለቤት መቼ እንደሚመጣ ብቻ ጠይቀውኝ ወጡ። ስለ መጋዘን እስከ ዛሬ ዳግም አላነሱም።

ፈንቴ፣ ክፍሉ የአንተ ሥራ ቤት እንደሆነ ይቆያል። ለዚያ ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ነፍሱን በሰላም ያሳርፍ ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ለራስህ ስነግርህ ግን፣ አርፈህ የምትተኛ እንዳይመስልህ። የማላውቀው ብረት ባጋጠመኝ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፤ ካልመለስክልኝም እቆጣሃለሁ። እኔ አንተን የማስታውስህ እንደዚህ ነው።

ባለቤትህ፣ አሁንም የተናደደችብህ