ያላለቀሰችው ልጅ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረማችሁልኝ?

የመጣሁበት ስልጠና ላይ ሕፃናት ከአሳዳጊያቸው ጋር ስለሚፈጥሩት ቁርኝት ስንማር ሰነበትን። ዛሬ ግን ያነበብነውን በዓይናችን እንድናይ ብለው አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ወሰዱን።

እኛን ከማያሳይ መስታወት ጀርባ ቆምን። ምንጣፉ ላይ የሁለት ዓመት ልጅ ኩባያ ትደራርባለች፤ ሞግዚቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። ትንሽ ቆይታ ሞግዚቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ልጅቷ ቀና እንኳን አላለችም። ሞግዚቷ ተመልሳ "መጣሁልሽ!" ስትላትም ዞር ብላ አላየቻትም። የእኛ ሰፈር ልጆች ቢሆኑ ኖሮ እናታቸው ደጅ ስትወጣ ሰፈሩን በአንድ እግሩ ያቆሙት ነበር።

"ጎበዝ ልጅ! ምንም አታስቸግርም" አልኩ።

አስተማሪያችን ትክ ብላ አየችኝ። "ጎበዝ ሆና አይደለም። ስድስት ሞግዚት ተቀያይሮባታል። ብታለቅስም የሚመጣላት እንደሌለ ገብቷታል።"

አንቺ ጋ ትቻት የመጣሁት ልጄ ትዝ አለችኝ። ባለፈው በስልክ ስለ እሷ "አይዞሽ፣ ለምዳለች፤ አሁን ስምሽን ብንጠራም አታለቅስም" ስትዪኝ እኔ ተመስገን ብዬ ተኝቻለሁ።

የቀረውን የሦስት ወር ስልጠና ትቼዋለሁ፤ አለቃዬ የፈለገውን ይበል። የሚመጣው ወር ሲገባ እመጣለሁ፤ ይህ የምጽፍልሽ ፖስትካርድ ሳይቀድመኝ አይቀርም። ለደከምሽው ሁሉ ውለታሽን አልረሳም። እማዬን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቶቹንም በሙሉ ሰላም በዪልኝ።

ካርዱ ላይ ቦታው አለቀብኝ። ልጄ ስታየኝ ከሸሸችኝ "እናትሽ እኮ ናት" ብለሽ አትግፊያት። ራሷ እስክትመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።