ትንኝ ባትኖር ማን ይራባል?

መስከረም 28፣ 1996
ቢቸና። ስድስተኛ ክፍል ስለ ወባ ትንኝ አስተማርኩ። "ከተነከስን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ገደማ ያተኩሰናል" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ያቺ ትህትና መቼም አታስቀምጥም፦ "ቲቸር፣ ትንኝ ከነጭራሹ ባትኖርስ?" የምትነክሰው ሴቷ ናት፣ ወንዱ አበባ ቀሳሚ ነው… እጯን ዓሣ ይበላዋል፣ እሷን የሌሊት ወፍ… "እንግዲህ ባትኖር ማን ይራባል? ጽፋችሁ አምጡ" አልኳቸው። ደስ የሚል ቀን።

መስከረም 30
ባሌ ምናለ የአባቱን ማሽላ ሊያይ ከየጁቤ በታች አባይ በረሃ ወረደ። እናቱ እማማ ወለተ ኢየሱስ በር ላይ ያዙት። "ልጄ፣ ቆላ ይዋልበታል እንጂ አይታደርበትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጣ።" እኔ ጣልቃ ገባሁ። "ያን ሁሉ ዳገት በአንድ ቀን? አንድ ሌሊት ቢያድር ምን ይሆናል እማማ!"

ጥቅምት 2
ባሌ መጣ። አንድ ሌሊት ቆላ፣ አንድ ሌሊት የጁቤ አድሮ ነው። ክንዱን እያከከ ይስቅብኛል፦ "ትንኞችሽ ሰላም ብለውሻል።"

ጥቅምት 13
ራሱን አመመው፣ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የዋለው። እማማ "ምች ነው፣ ምች!" ብለው ዳማከሴ ጨመቁ። እኔ አሸሁለት። አላበው፣ ቀለል አለው። ተመስገን።

ጥቅምት 15
ተነሣበት። "ጤና ጣቢያ እንሂድ" አልኩት። "ለምች ብለሽ…" አለኝ። እኔም ተውኩት። እዚህ ደጋ ወባ ከየት ይመጣል?

ጥቅምት 18
ማን መሆኔን እንኳ አላወቀም። ጎረቤቶች በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሱልኝ። ሐኪሙ "ቆላ ወርዶ ነበር?" አለኝ። ያኔ ነው በጣቴ የቆጠርኩት። ካደረባት ሌሊት ትኩሳቱ እስከ ጀመረበት አሥራ ሦስት ቀን። በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት!

ጥቅምት 19
ምናለ የለም።

ኅዳር 2
እማማ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። "የእግዜር ሥራ ነው ልጄ" ይላሉ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ምን ያውቃሉ… የማውቀው እኔ! ይደር ያልኩትም እኔ። ዓሣም ይራብ፣ የሌሊት ወፍም ይራብ! ምን አገባኝ?

ኅዳር 22
ክፍል ገባሁ። ትህትና ደብተሯን ይዛ መጣች። "ቲቸር… የቤት ሥራው።" ከዓሣውና ከሌሊት ወፉ በታች አንድ መስመር ሰርዛለች። ይነበባል፦ "ጋሼ ምናለ ግን አይሞቱም ነበር።"

የተሰረዘው ላይ ራይት አደረግኩ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ "ቆላ ያደረ ሰው ካተኮሰው ቀኑን ቁጠሩ" ብዬ ጻፍኩ። ላነብላቸው ብል ድምፄ እምቢ አለ። ልጆቹ አነበቡልኝ።