የላክሁልህን ማር አትብላ

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለሙሐመድጣሂር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትህ ሳልል የምቸኩለው ሾፌሩ ለይኩን ጭነቱን አስሮ ሊነሳ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ መንገድ ላይ ቢጠፋበት እንኳ ዋናውን በአፉ እንዲነግርህ አስጠንቼዋለሁ። ማሩን ተው። ተምሩንም ተው። ክኒንህን ዛሬውኑ ጀምር።

ስልክ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን አልገባ ካለ ወዲህ የምናወራው በለይኩን መኪና ነው። "ገዳሪፍ ያለው ሐኪም ስኳር አለብህ አለኝ" ብለህ የጻፍህልኝ ጊዜ፣ ነጋዴ አይደለሁ፣ መፍትሔውን ከመደርደሪያዬ ላይ ፈለግሁት። የሽንፋ ማር በጀሪካን፣ ተምር በከረጢት አድርጌ ላክሁልህ። "ነጩን ስኳር እርም በል፤ ይህን ግን ፋብሪካ አልነካውም" ብዬም ጻፍሁ። አንተም "ማርሽ ተስማምቶኛል፣ ክኒኑን ትቻለሁ፤ እግሬን ብቻ ይደነዝዘኛል" ብለህ መለስህልኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። ያን ጊዜ ግን ከማሩ ጋር አላገናኘኋትም።

ያገናኘችልኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የትናየት ናት። ያለፈው ሳምንት ሰኞ ሳሙና ልትገዛ ስትመጣ ለወይዘሮ ውባንች ማር ስመዝን አገኘችኝ።

"እትየ ረፊቃ፣ ወይዘሮ ውባንች ስኳር እንዳለባቸው አታውቂም?"

"አውቃለሁ እንጂ። ለዚያ እኮ ነው ማር የምሸጥላቸው።"

"እንዴት ማለት?"

"በሽታው ማር አይባል! ስኳር ነው የተባለው።"

ወይዘሮ ውባንችም አገዙኝ። "እውነቷን ነው። ማር አለብዎት ያለኝ ሐኪም የለም" አሉ።

የትናየት ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። "ደም እኮ ስም አይጠይቅም፣ እትየ። ነጩም፣ ቡኒውም፣ ማሩም፣ ተምሩም ሆድ ገብቶ ሲሟሟ ወደ ደም የሚሄደው ስኳር ነው። ማሩ ሌላ ጥቂት ነገር ይኖረው ይሆናል። ስኳር ላለበት ሰው ግን አያዋጣውም።"

"አንቺ ልጅ፣ ማር ሻጭን ከማሯ ልታጣዪ ነው የመጣሽ?" አሉ ወይዘሮ ውባንች። እንደዚያ እያሉ ግን ማሩን ሚዛኑ ላይ ትተውት ወጡ።

እኔን ታውቀኛለህ፤ ሳልመዝን አላምንም። የትናየት የእናቷን የስኳር መለኪያ ለሦስት ቀን አዋሰችኝ፤ አንዲት ደንበኛዬንም ለመንሁ። አንድ ቀን ነጭ ስኳር፣ በማግስቱ ማር፣ በሦስተኛው ቀን ተምር፣ በሚዛን እኩል አድርጌ ጠዋት ከሻይ ጋር ሰጠኋት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቷን ወግቼ ለካሁ። ከደብተሬ ልገልብጥልህ። በስኳሩ 271፤ በማሩ 263፤ በተምሩ 248። በዚህች ልዩነት አንተን ያህል ሰው አላስይዝም።

ቁጥሩን ወስጄ ሳሳያት የትናየት ደግማ አነበበችው። ከዚያ "ጤነኛ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ140 በታች ይወርዳል። ነገ ምንም ሳትቀምሺ ነይ" አለችኝ። አለቻት ማለቴ ነው። ገጹን ቀይሬ እንዳልጽፈው ለይኩን ጥሩንባውን እየነፋብኝ ነው።

ለሴትዮዋ አታስብ። ክኒን ጀምራለች።

አንተ ሻይህ ላይ አራት ማንኪያ ጨምረህ ሳታማስል ትጠጣና ከሥር በቀረው ላይ ደግሞ ታስቀዳበት ነበር። "ጉንዳን ሰበሰብህብኝ" ብዬ እቆጣህ ነበር። እናትህን ልታስታምም ከሄድህ ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ጉንዳኖቹም መምጣት ትተዋል። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ጠረጴዛውን ስወለውል ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍሁትም፤ ለአንተ ብቻ ነው የነገርሁህ።

ማሩን አትድፋው፤ ለጎረቤት ልጆች ስጣቸው። ለእናትህም ንገራቸው፤ "ትንሽ ቅመስ ልጄ" ሲሉህ እምቢ እንደማትል አውቃለሁ። ሻይህን በቀረፋ ጠጣው። ማታ ማታ እግርህን እያገላበጥህ እይ፤ የተላጠች ነገር እንኳ ብታይ ነገ ሳትል ሐኪሙ ጋ ሂድ። ያሳሳትሁህ እኔ ነኝ። ወድጄህ ነው ያሳሳትሁህ፤ ለእግርህ ግን ይህ ምንም አይፈይድም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

አላህ እናትህን ያሽርልህ፤ ከጥይትም ከበሽታም ይከልልህ፤ እግርህን ያጽናልኝ።

እስከ ዛሬ የላክሁልህን ደብዳቤ ሁሉ የምዘጋው "መንገዱ ክፉ ነው፣ እንዳትመጣ" ብዬ ነበር። ይህኛውን እንደዚያ ብዬ አልዘጋሁትም።

ባለቤትህ
ረፊቃ