ሞተርን በጣታቸው ያዳመጡት የጋሽ ሚኒሞ የሕይወት ታሪክ

ሠፈርተኛው፣ ሾፌሩና የሥራ ባልደረባው ሁሉ «ጋሽ ሚኒሞ» እያለ የሚጠራቸው ውድ አባታችን፣ ከወፍጮ ባለሙያው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በኅዳር ወር 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በነበረች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የናፍጣ ሞተር ቀኑን ሙሉ ስለሚዞር፣ ሕፃኑ ሞተሩ ሲሠራ ይተኛል፤ ሲጠፋ ይነቃና ያለቅሳል። ሴት አያታችን ይህን ሲያነሱ «እኔ እሹሩሩ ብዬ አላውቅም፤ ልጁን ያሳደገው ወፍጮው ነው» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ሒሳብ ይወዱ ነበር። መዝሙር ግን አልሆነላቸውም፤ አስተማሪያቸው «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ ድምፁን ለሌሎቹ ተውላቸው» ብለዋቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ይነግሩን ነበር። ከዚያም የሙያ ትምህርት ቤት ገብተው በመኪና ጥገና ተመረቁ፤ በ1962 ዓ.ም. በጤና መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት ተቀጠሩ። ጋራዡ የሚጠግነው ከአስፋልት ወጥተው በጭቃና በድንጋይ መንገድ ላይ የሚውሉ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ የናፍጣ መኪኖችን ነበር።

ቅጽል ስማቸውን ያገኙት እዚያው ነው። ሚኒሞ የሚባለው እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ ሞተሩ በራሱ በዝግታ ሲዞር ነው። አባታችን መኪና ይዞ የመጣ ሰው ብሶቱን ተናግሮ ሳይጨርስ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ቆይ፣ መጀመሪያ በሚኒሞ እንስማው» ይሉ ነበር። ሲራመዱ አይቸኩሉም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው አይጎላም፣ ሲቆጡም የሚያውቅባቸው ሰው ጥቂት ነው። ስሙ በዚያው ተለጥፎ ቀረ።

በዚሁ መሥሪያ ቤት ከባለቤታቸው፣ ከእናታችን ጋር ተዋወቁ። እናታችን የሕክምና ቡድኑን ገጠር ለገጠር የሚያዞሩ ሾፌር ነበሩ። አንድ ቀን መኪናቸው ጥቁር ጪስ ያበዛል ተብሎ ጋራዥ ገባ። አባታችን ናፍጣውን መጥኖ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓ በካቻቢቴ ትንሽ አጥብቀው ነዳጁን ቀነሱትና ጪሱ ቆመ። በሳምንቱ እናታችን የጋራዡን በር በርግደው ገቡ።

«አንተ ነህ ይህን መኪና የነካኸው?»

«አዎ። ምን ሆነ?»

«ጪሱ ጠፋ፤ ጉልበቱም አብሮት ጠፋ! ዳገቱ ላይ በእግራቸው የሚሄዱ ሽማግሌ ደርሰውብኝ፣ በመስኮት ሰላም ብለውኝ ቀድመውኝ ሄዱ!»

አባታችን ጪስ ማለት ያልተቃጠለ ናፍጣ እንደሆነ፣ ሲበዛም ሞተሩን እንደሚጎዳ ሊያስረዱ ሞከሩ። እናታችን ግን «በሽተኛ ጭኜ ዳገት መሐል ብቆምስ የሚጎዳው ማን ነው?» ሲሏቸው፣ አባታችን ካቻቢቴያቸውን ይዘው ከጎናቸው ተቀመጡና ወደ ዳገቱ አብረው ወጡ። ፖምፓውን ጥቂት ሲያላሉት መኪናው ይጎትታል፤ ግን ጪሱ ተመልሶ ይመጣል። ሲያጠብቁት ጪሱ ይጠፋል፤ መኪናውም ይለግማል። እንዲህ ሲቆሙና ሲነሡ ከቆዩ በኋላ አባታችን ወርደው የአየር ማጣሪያውን ፈቱት። በአቧራ ተደፍኖ ጡብ መስሏል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አባታችን። «ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ምግብ ቀነስኩበት።»

ማጣሪያውን አራግፈው፣ ነዳጁን ወደ ቀድሞ ልኩ መልሰው ቢነዱት መኪናው ያለ ጪስ ዳገቱን ወጣው። እናታችን ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ «ጫፉ ላይ ስንደርስ እንደሚያገባኝ አውቄ ነበር፤ እርሱ ግን ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀበት» ይላሉ። በ1967 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

አባታችን በቤት ውስጥም እንደ ሥራቸው ነበሩ። ብርድ ያደረበትን ሞተር እንደተነሣ ማስጮኽ በእርሳቸው ዘንድ ነውር ነው፤ ልጅንም ከእንቅልፉ በድንገት አያስነሡም። መስኮቱን ከፈት ያደርጋሉ፣ ውኃ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ያረፈድነው በዚህ ምክንያት ነው። ከልጆቻቸው አንዳችንም መካኒክ ባንሆንም ቅር አላላቸውም፤ «ለአንድ ቤት በዘይት የጨቀየ አንድ ቱታ ይበቃል» ይሉ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ በራሳቸው ፈቃድ ለቅቀው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ፣ በስተምዕራብ አንድ ሰፊ መስኮት ነበረው። የእያንዳንዱ ቁልፍ ቅርጽ በነጭ ቀለም ግድግዳው ላይ ተሥሏል፤ አንዱ ከቦታው ከጎደለ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። የሚሠሩት የድሮዎቹን፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለባቸውን የናፍጣ ሞተሮች ብቻ ነበር። አዲስ መኪና ይዞ ለሚመጣ ሰው ወዳጃቸው የሆነ ሌላ ጋራዥ ያመላክቱትና «የዚህኛውን ቋንቋ እርሱ ነው የሚችለው» ብለው በምርቃት ይሸኙታል።

አምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን ጆሯቸው ይደክም ጀመር። ዕድሜ ልክ ሞተር ሥር የኖረ ጆሮ ነውና አያስገርምም። እርሳቸው ግን ደበቁት። የተነገራቸውን ሳይሰሙ ሲቀሩ የሚያስቡ መስለው ጢማቸውን ይዳብሱ ነበር፤ እኛም ጥበብ መስሎን እንጠብቃለን። በመጨረሻ የአንድ አትክልት ነጋዴ መኪና ከእጃቸው ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። ሞተሩ ውስጥ የላላ ቫልቭ ሲያንኳኳ አልሰሙትም ነበር። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ወሬው ሲደርሳቸው ዕቃቸውን ይዘው እስከ ቦታው ሄዱ፤ ሞተሩን እዚያው ፈትተው ጠገኑት፤ ለነጋዴውም «አልሰማሁትም» አሉት። ይህን ቃል በሰው ፊት ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ተመልሰው የጋራዡን በር ቆለፉ።

ያ ክረምት ለቤታችን ከባድ ነበር። አባታችን ያነበቡትን ጋዜጣ እያጣጠፉና መልሰው እየዘረጉ ይውላሉ። ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባሉ። እናታችን ታግሠው ታግሠው አንድ ረፋድ ላይ በቃቸው። ያ ዳገት ላይ የተጨቃጨቁበት መኪና ከመሥሪያ ቤቱ ሲወገድ ገዝተውት ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። አስነሡትና ኮፈኑን ከፈቱ። የባላቸውን እጅ ይዘው ከፖምፓው ወደ ሞተሩ ከሚሄዱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በአንደኛው ላይ አሳረፉት። ቱቦው ናፍጣው በተገፋ ቁጥር እንደ ደም ሥር ይመታል።

«ይሄኛው ምን ይላል?» ብለው ጆሯቸው ሥር ጮኹ።

አባታችን ጣታቸውን ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆዩበት።

«ይሄኛው ደከም ብሏል» አሉ፤ ወዲያውም «አንቺ ሴት፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ጋራዡ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ምቱን በጣታቸው፣ ጪሱን በዓይናቸው፣ የተቃጠለውን ዘይት በአፍንጫቸው እየለዩ ሠሩ። የሚያንኳኳ ነገር ሲጠረጠር ደግሞ እናታችን ከጎናቸው ቆመው ያዳምጡላቸዋል። አንዳንድ ደንበኞች ሥራው እንዲያውም ተሻሻለ ይሉ ነበር፤ እናታችን ይህን ሐሳብ አጥብቀው ይደግፋሉ።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ የወንዛችንን ድልድይ ወሰደው። ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ በአዋላጅነት ታገለግል የነበረችው ታናሽ ልጃቸው ስልክ ደወለች። ምጥ የጠናባት እናት ነበረች፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች ለሥራ ርቀው ወጥተዋል። «እማዬ፣ እስኪመለሱ አትቆይልኝም» አለች። እናታችን የሰሙትን በአባታችን ጆሮ ጮኸው ነገሯቸውና ሁለቱም ወደ ግቢው ወጡ። አባታችን ማራገቢያው ውኃ ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ፣ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያውን ፈቱት፤ ከመኪናው ፊት ሸራ ወጠሩ፤ የአየር መሳቢያውን ቱቦ ከጣሪያው በላይ አስረዘሙት። የድሮ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ናፍጣና አየር ካልተከለከለ ውኃ ውስጥም ይሠራል። የመንገድ ሠራተኞች ገመድ አሰሩላቸውና፣ እናታችን መሪውን ይዘው ሁለቱም ወንዙ ውስጥ ገቡ።

መሐል ላይ ውኃው እስከ በሩ እጀታ ደረሰ። እናታችን ደንግጠው እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሊያነሡ ሲሉ፣ መዳፋቸውን መኪናው አካል ላይ አድርገው የነበሩት አባታችን «አታንሺ! እየጎተተ ነው፣ አታንሺ!» ብለው ጮኹ። እናታችንም ዓይናቸውን ከማዶው ሳይነቅሉ «ደንቆሮው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም፣ አትጩህብኝ!» አሏቸው። መኪናው ወጣ። ወላዷንና አዋላጇን ጭነው በዚያው መንገድ ተመለሱ። ወላዷ እንደምትለው ሲመለሱም ሳይስማሙ ነው የተሻገሩት፤ እርሷም ከምጧ ይልቅ የእነርሱን ጭቅጭቅ ታስታውሳለች። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ያቺ ልጅ ዛሬ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከእናቷ ጋር እዚሁ ከመካከላችን ቆማለች።

አባታችን በ2012 ዓ.ም. ጋራዡን ለሙያ ጓደኛቸው አስረክበው ጡረታ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከእናታችን ጋር ዳማ ይጫወታሉ፤ ሲሸነፉ «ምን አልሽ? አልሰማሁም» ይላሉ። ባደረባቸው የልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐርፈዋል። ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት ለእኛ ለልጆቻቸው «የሚወዱትን ሥራ ሠርቼ፣ የምትመልስልኝን ሴት አግብቼ ኖርኩ። ከማዕድ ጠግቦ የሚነሣ ሰው አይለቀስለትም። ታሪኬንም አሳጥሩት፤ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ውዳሴ ይሰለቸዋል» ብለውናል።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም መጽናናትን ይስጥልን። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ከእኛ ጋር ለቆማችሁ ሁሉ፣ መመለሻችሁን የተቃና ያድርግላችሁ። ታሪካቸውን እንዳዘዙን ልናሳጥር ሞክረን ነበር፤ ሕይወታቸው ሙሉ ነበርና እምቢ አለን።