የማርቆስ ሽብልቅ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ቡና የምታመላልሰው የሽፈራው ፒክ አፕ እንደገና ክሪክ ላይ። እኔ ከሥሯ። ጭቃ በአንገቴ ገብቶ ወገቤ ደርሷል። ክሮቸራው ዛሬም ተበልቷል።

አንተ ደብተር ስለሆንክ ላስረዳህ። ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስድ ረጅም ዘንግ አለ። ክሮቸራ የእሱ መገጣጠሚያ ነው። የወርቃ መንገድ ደግሞ ክረምት አልፎም ጭቃ ነው፤ መሀሉ ጉብ፣ ዳርና ዳሩ ቦይ። ዝቅ ያለች መኪና ሆዷን ትጎትታለች። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የግራዝማቾች ነው። ሽፈራው ያለችው ይቺ በኋላ ጎማ ብቻ የምትሄድ አሮጊት ናት። ስለዚህ ከፍ አደርግለታለሁ። ከኋላ፣ ሸክሙን በሚይዘው ባሌስትራና ሁለቱን ጎማ በሚያያይዘው አክስል መሀል ወፍራም ብረት እከታለሁ፤ ትራስ እለዋለሁ። ከፊት ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት እደርባለሁ። ዲላ ላይ ይህን ሥራ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይመዝገብልኝ።

ችግሩ፣ መኪናዋ ከፍ ስትል ዘንጉ ይንጋደዳል። የተንጋደደ ዘንግ ክሮቸራ ይበላል። ሽፈራው ዛሬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ማ. ከፍ ያደረጋቸው መኪናዎች ግን ክሮቸራ አይበሉም አለኝ።

ስሙን ሙሉውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል። ማ. ይበቃዋል። የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ብየዳ ከሚሲዮን ተማረ፤ አምና ከገበያው በታች ጋራዥ ከፈተ። በዕድሜ እበልጠዋለሁ። በሙያም እበልጠው ነበር።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ማታ

በማ. ጋራዥ በኩል አለፍኩ። መንገዴ አልነበረም።

ሁለት ፒክ አፕ ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ ተራ ትጠብቃለች። እሱ እየበየደ መዝሙር ይዘምራል። ድምፁም ጥሩ ነው፣ ይኸው ጻፍኩት። በሩ ወለል ብሎ ክፍት። የገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያያል። እኔ ሰው ሲመጣ ሥራዬን በጆንያ እሸፍናለሁ፤ ያስተማረኝም ጌታዬ እንደዚያው ነበር። ሙያ በጆንያ ሥር ነው የሚያድረው። ይሄ ምን ተማምኖ ይከፍታል?

እቤት ገብቼ ለአስካለ ነገርኳት። ባለቤቴ መሳቅ ትወዳለች። ታመህ ነው ወይስ ቀንተህ ነው አለችኝ። ደሞም ማ. ገበያ ላይ ከወንበሩ ተነሥቶ ሰላም እንዳላት፣ ቅርጫቷንም እንደተሸከመላት ጨመረች። ራቴን አልጨረስኩም። አዎ ቀንቻለሁ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ሽፈራው ሚዜዬ ነው። የሱ መኪና የኔን ሥራ ይዛ ከይርጋጨፌ እስከ ወርቃ ትዞራለች፤ ሹፌሮች የሚመጡልኝ እሷን አይተው ነው። እሱ ወደ ማ. ከዞረ ሁሉም ይዞራል። ያኔ ጋራዤን ዘግቼ አ.አ. ሄጄ የሰው ተቀጣሪ መሆን ነው። በአርባ ዓመቴ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ቀን 5 ሰዓት

ልብህን ያዝ። ገባሁ።

እሑድ ጧት ማ. ከነሠራተኞቹ ጸሎት ቤት ነው። እኔ ቅዳሴ አስቀድሼ ተመለስኩ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ በብብቴ፣ ቀጥታ ከገበያው በታች ወደ እሱ ጋራዥ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ቁልፍ የለውም። ከጸሎት ቤቱ ዝማሬው ይሰማል። እስከዘመሩ ድረስ ጊዜ አለኝ አልኩ።

አንዲት ፒክ አፕ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆማለች፤ ከኋላዋ ድመት እንኳ አያሳልፍም። በፊቷ በኩል ተሳብኩ። ጨለማ። በእጄ ዳበስኩ፣ ክብሪት ጫርኩ። አየሁት! ባሌስትራው ሥር የገባው ብረት እንደኔ ትራስ እኩል አይደለም። ሽብልቅ ነው፤ አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ወፍራሙ በራሴ በኩል፣ ወደ ጭንቅላቴ። አክስሉን በትንሹ ያዞረዋል፣ የዘንጉ መንጋደድ ይቃናል። ይሄው ነው ምሥጢሩ። ይህች ብቻ!

እንዴት እኔ አላሰብኩትም? ቤት እስክደርስ ራሴን እሰድብ ነበር። መንገድ ላይ ሳቄም መጣ። አሁን እኩል ነን።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ ማታ

ከተጣለ የጭነት መኪና ብረት ሁለት ሽብልቅ ቆረጥኩ። ሞርሳ ላይ አስሬ ቀኑን ሙሉ ሞረድኩ። ክንዴ አይታዘዘኝም። ግን ያማረ ሥራ። የማ. ጠርዙ ሻካራ ነበር፣ የኔ እንደ መስተዋት።

አመሻሽ ላይ ሽፈራው መጣ፤ ውጭ ቆይ አልኩት። በሩን ዘግቼ በመኪናዋ ኋላ በኩል እንደ ልማዴ ተሳብኩ፣ ወፍራሙን በራሴ በኩል፣ ልክ እንዳየሁት። ቡሎኖቹን አጠበቅሁ። አዲስ ፈጠራ ነው አልኩት። ይህን ሳልጽፍ ልለፈው ብዬ ነበር። አመሰገነኝ። በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ጧት

ሽፈራው ዛሬ ለእሸት ቡና ወርቃ ወጣ። የለቀሙት በዕለቱ ይርጋጨፌ ማጠቢያው ካልደረሰ ይሸታል፣ አይቀበሉትም። ስለዚህ መኪናዋ አትቆምም። እኔ ስላለሁ አትቆምም አልኩት።

ደስ ብሎኛል። አስካለ ዛሬ ታፏጫለህ አለችኝ። ማ.ን መንገድ ላይ አግኝቼ እኔው ቀድሜ ሰላም አልኩት። ግራ የገባው መሰለኝ። ይግባው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ቀን 8 ሰዓት

ተሰበረ።

ክሮቸራው ትናንት ከወርቃ ዳገት ላይ ፍርክስ አለ። ዘንጉ ወርዶ መሬት መታ። መኪናዋ ቡና እስከ አፏ፣ ከላይ የእንሰት ቅጠል፣ ከቅጠሉ በላይ ለቃሚ ሴቶች። ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሽፈራው መሪዋን አጥፎ ከእንሰት ማሳ ውስጥ ከተታት። የአንዲት ሴት ክንድ ወለቀ። ሌላው ደኅና ነው፣ ተመስገን። ቡናው እዚያው ሸተተ። ማሳው የተረገጠባቸው ሽማግሌ ሽፈራውን የአገር ሽማግሌዎች በሚዳኙበት ሶንጎ አቅርበውታል፤ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ይቅርታ ሲለምን አረፈደ። ጥፋቱ የኔ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ከወርቃ የመጣ ሹፌር ነው። መጨረሻ ላይ የነገረኝን ደግሞ ስማ። መኪናዋን ከጭቃ ጎትቶ ያወጣት፣ ሌሊቱን አድሮ የጠገናት ማን ነው? ለሌላ ሥራ እዚያ የነበረ ማ.!

ከሥሯ ገብቷል ማለት ነው። አይቷል።

ስለዚያች ሴት ክንድ አፍሬያለሁ። ግን ከእፍረቱ በላይ የሚያቃጥለኝ፣ የኔን መኪና እሱ ማንሳቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ቀን 9 ሰዓት

ማ. መጣ። ከጸሎት ቤቱ በቀጥታ፣ ኮቱን እንደለበሰ። አስካለ ወንበር አቀረበችለት። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ሠርተው ያስገቡት ሽብልቅ ጥሩ ነው፣ አሞረዳዱ ከእኔው ይበልጣል አለኝ። ብቻ ተገልብጧል። ወፍራሙ ወደ ኋላ መሆን ሲገባው ወደ ሞተሩ ዞሯል። ዘንጉን ከማቃናት ይልቅ አብሶታል። እሱ አዙሮ መልሶ አስሮታል።

እንዴት ይሆናል፣ እኔ ያየሁት በራሴ በኩል ነው፣ አልኩት ሳላስበው። ማየቴን በራሴ አፍ ተናገርኩ።

ማ. «ጋሼ፣ እኔ ጋ ገብተው ሲያዩ፣ ራስዎ በየት በኩል ነበር?» አለኝ።

ገባኝ። እሱ ቤት በፊቷ በኩል ገባሁ፣ ራሴ ወደ ኋላ። እኔ ቤት በኋላዋ ገባሁ፣ ራሴ ወደ ፊት። በራሴ በኩል፣ በራሴ በኩል እያልኩ እያንዳንዱን አዙሬ አሰርኩት። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ፣ እኔ እንኳ ወርቁን ገልብጬ አጠለቅሁት።

ክሮቸራው አርጅቶ ነው ብዬ ለሽፈራው ነግሬዋለሁ አለኝ ሲወጣ። ሌላ አልነገርኩትም፣ አለ። የኔ ጋራዥ በሩ ክፍት ነው፣ ሲፈልጉ እኔ ባለሁበት ይምጡ አለኝ። አስካለ እስከ አጥሩ ሸኘችው።

እንዴት እንደምጠላው አላውቅም። ሙያውን ቀናሁበት፣ ድምፁን ቀናሁበት፣ አሁን ደግሞ ዝምታውን። ሽፈራው ዕድሜ ልኩን እኔን እንዲያመሰግን የሚያደርገው እሱ ነው። ሚዜዬን በምጽዋት መለሰልኝ።

አልቀበለውም። ይሄን ብቻ አልቀበለውም። ለሽፈራው እነግረዋለሁ፤ እንደ ሌባ መግባቴን፣ መገልበጤን፣ የሴትዮዋን ክንድ፣ ሁሉን። ከዚያ ወደ ማ. ቢሄድ ይሂድ። ደግነት ነው ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ አውቅሃለሁ። ቢያንስ እውነቱን የተናገርኩት እኔ ልሁን እንጂ፣ እሱን እንኳ ማርቆስ አይቅደመኝ።

አስካለ በር ላይ ከሰው ጋር ታወራለች። ሽፈራው ነው። ግባ እያለችው ነው። ልነግረው ነው።