የእትዬ አጥር ዕረፍትና እስካሁን ያልተነሣላቸው ወቀሳ

የሶፍትዌር ባለሙያዎች ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት፣ ባልደረቦቻቸው ሁሉ «እትዬ አጥር» እያሉ የሚጠሯቸው የምስጠራ ባለሙያ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሐዘናችን ቁጣ የተቀላቀለበት መሆኑን ግን አንደብቅም። ምክንያቱን በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

እትዬ አጥር የተባሉት በአንድ የማይለወጥ መርሐቸው ነው። መልእክትን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፈው የምስጠራ ኮድ፣ መልእክቱን በኔትወርክ ከሚልከውና ከሚቀበለው ኮድ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፣ በመካከላቸው አጥር ይኑር ይሉ ነበር። ቆላፊው ክፍል የተሰጠውን ቆልፎ ይመልሳል፤ ለማን እንደሚላክ፣ መስመሩ ይሥራ ይቋረጥ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ላኪው ክፍል ደግሞ የሚያገኘው የተቆለፈውን ብቻ ነው፤ ያልተቆለፈ መልእክት እጁ ስለማይገባ ቢሳሳት እንኳ አያወጣውም።

በ1997 ዓ.ም. ሆስፒታሎች የምርመራ ውጤት የሚለዋወጡበትን ሥርዓት በዚሁ መንገድ ሠሩ። የምስጠራው ክፍል በሚፈተሽበት ጊዜ የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ገመድ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ነበረበት። ተሰክቶ ካገኙት «ይኼ ቆላፊያችን ዛሬም ስልክ እያወራ ነው እንዴ የሚቆልፈው?» ብለው ያሾፋሉ፤ ፍተሻውም እንደገና ይጀመራል።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበሩ የሥልጠና ክፍል ያስተማሩት ያለ ክፍያ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ምስጠራ የሚሠሩ አብዛኞቹ አባሎቻችን የእርሳቸው ተማሪዎች ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. የሥርዓቱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት፣ ሥራ ለማፋጠን በሚል ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ እንዲጻፉ አዘዘ። እትዬ አጥር በስብሰባው ተነሥተው፣ «ቆላፊውም ተላላኪውም አንድ ሰው ከሆነ፣ የቸኮለ ዕለት ሳይቆልፍ ይሄዳል» አሉ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «እትዬ፣ አጥርዎን ለጓሮዎ ያድርጉት» ብለው አሳቁባቸው። ሥራውም ከእጃቸው ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ።

በሚቀጥለው ዓመት የፈሩት ደረሰ። አዲሱ ኮድ መስመር ሲቋረጥበት መልእክቱን ደግሞ ይልካል፤ ደግሞ የሚልከው ግን የተቆለፈውን ሳይሆን ከመቆለፉ በፊት የነበረውን ነው። የሕሙማን ውጤት ማንም ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ሪፖርት «ስሕተቱ የምስጠራው ነው» ሲል የምስጠራውን ክፍል ቀድሞ የጻፉትን እርሳቸውን ተጠያቂ አደረገ። አህያውን ፈርተው ዳውላውን መቱ። የምስጠራው ኮድ አንዲት ነጥብ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ያስቀላቀለው ትእዛዝ ነው።

በሕመም ላይ ሳሉ ሊጠይቋቸው የሄዱ አባሎቻችን «እንዴት አደሩ?» ሲሏቸው፣ መልሳቸው «ሪፖርቱን አነሡት?» የሚል ነበር። አልተነሣም። ያው መሥሪያ ቤት ግን ትናንት የአበባ ጉንጉን ልኮ፣ አንድ አዳራሽ በስማቸው እንደሚሰይም አስታውቋል። በሕይወት ሳሉ ጥፋተኛ ያሏቸውን ሴት፣ ወቀሳውን ሳይሽሩላቸው ማወደስ ማኅበሩ የሚቀበለው ክብር አይደለም። ሪፖርቱ በይፋ እንዲሻር፣ ትእዛዙን የሰጡት ኃላፊም በይፋ እንዲጠየቁ እንጠይቃለን፤ ይህ እስኪሆን ድረስ በአዳራሹ ምረቃ ላይ አንድም አባል አይገኝም።

አብረዋቸው ለኖሩት ታላቅ እህታቸው፣ እንደ ልጅ ላሳደጓት የእህታቸው ልጅ፣ ለተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ታላቅ እህታቸው ጉንጉኑን ይዘው ለመጡት መልእክተኞች በራፍ ላይ ቆመው፣ «መጀመሪያ የጫናችሁባትን አንሡላት፤ አበባውን ያን ጊዜ ይዛችሁ ትመጣላችሁ» ብለው መልሰዋቸዋል። የማኅበሩም ቃል ይኸው ነው።