ያስቀደድኩህ የመጨረሻ ትዕይንት

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አሰብ እንደተውካት አይደለችም። በሁለቱ ሀገሮች መካከል ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የሀገራችን ሰው ጓዙን እየጠቀለለ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሄደዋል፣ ያስተማርክበት ትምህርት ቤትም ተዘግቷል። እኔም ነገ እወጣለሁ። አልጋውንና ቬንትሌተሩን ጥዬ ብሄድ ግድ የለኝም። አንተን እዚህ አፈር ውስጥ ጥዬ መሄዱን ግን እንዴት ልቻለው?

ዕቃ ስሸክፍ የቲያትርህን ደብተር አገኘሁ። ያንን ስለ አንድ አስተማሪና ስላስቸገሩት ተማሪዎች ጽፈህ፣ የራስህን አስቸጋሪዎች ሰብስበህ ያሠራኸውን። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ማን እንዳስቀደደህ ታውቃለህ።

በሠራተኞች ክበብ መጀመሪያ የታየ ዕለት፣ እንደዚያን ጊዜው ልማድ መጋረጃው ሲዘጋ ተመልካቹ ሂስ ስጡ ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለባሏ አደላች እንዳልባል ፈርቼ ተነሣሁና ከሁሉ የከፋውን ተናገርኩ። በመጨረሻው ትዕይንት አስተማሪው የክፍሉን ቁልፍ ለሌባው ተማሪ ሰጥቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሲመጣ ክፍሉ ተጠርጎ፣ ልጆቹ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ይህ ውሸት ነው አልኩ። ለሌባ ቁልፍ የሚሰጥ ሞኝ እንጂ አስተማሪ አይባልም አልኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ቃሌን ጻፍከው። ሌባውን ሆኖ የተጫወተው ዓሊም መድረኩ ላይ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቲያትሩ አስተማሪው ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲቀር ያልቅ ጀመር። በየዓመቱ ታየ፤ አሁን ገና እውነት መሰለ እያለ ከተማው ሁሉ ወደደው። አንተ ግን በምስጋናው አልተደሰትክም። አይቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት መቃብርህ ዘንድ ስሄድ አሸዋው ስምህን እስከ ግማሽ ቀብሮት ነበር። በእጄ እየጠረግሁ አለቀስኩ። ዓሊ እዚያው መጣ። ያ የዚሁ አገር፣ የራሔይታ መንደር ልጅ አሁን ወደብ ላይ በያጅ ነው፤ ፍየል እንዳይገባብህ የብረት አጥሩን የሠራልህ እሱ ነው። እትዬ፣ እኔ እዚሁ ነኝ፣ አሸዋውን እጠርግለታለሁ፣ የአጥሩን ቁልፍ ለእኔ ይተዉልኝ አለኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ ብረቱን ነቅሎ ይሸጠዋል የሚል ነበር። ዛሬም እንኳ፣ ታዴዬ!

ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ያ ትዕይንት ፈጠራ እንዳልነበረ ነገረኝ። ከቲያትሩ በፊት፣ ዓሊ ራሱ ይሰርቅ በነበረ ጊዜ፣ የክፍሉን ቁልፍ በእርግጥ ሰጥተኸው ነበር። በማግስቱም ክፍሉ ተጠርጎ አግኝተሃል። ያን ዕለት ለምን አልተናገርክም? እሱን በሰው ፊት ሌባ ላለማሰኘት ብለህ ውሸታም ተባልክ፤ ያውም በሚስትህ አፍ።

ቁልፉን ሰጠሁት። ግን ያንተ አስተማሪ በማግስቱ ተመልሶ አይቷል። እኔ ተመልሼ የማይበት ጠዋት የለኝም።

የጎደለውን ትዕይንት ዓሊ እንደነገረኝ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ይዤው እሄዳለሁ። የትም ልደር የት፣ በየጠዋቱ ስነቃ መቃብርህ ተጠርጓል እላለሁ። ባላምንም እላለሁ፣ እስካምን ድረስ።

ሚስትህ